የሹፌሩ የባሕር ቅጠል

«በሰው ቀንቼ አላውቅም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ወይ ይዋሻል ወይ ታናሽ እህት የለውም እላለሁ። እኔ ቀንቻለሁ። የቀናሁትም በወርቅ ወይም በቤት አይደለም፤ በአንድ ጆንያ የደረቀ የባሕር ቅጠልና እሱን በትከሻው ተሸክሞ በመጣ ሰው ነው። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

ሚሊኒየሙ ሊከበር ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። አባቴ ካዛንቺስ ዓሣ ቤት ነበረው፤ ከፊት ስምንት ጠረጴዛ፣ ከኋላ እኛ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች፣ ከዚያ ወዲያ ጓሮ። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚጎርፈው ሰው ወንበር አጥቶ በር ላይ ይቆማል። ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ክርክር እዚያው በለብለብና በኮተሌት መሀል ሲካሄድ ይውላል። አይፈቀድም ብለው ድርቅ የሚሉት ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ሳህን ያዘዙት ናቸው።

እኔ የቤቱ ታላቅ ልጅ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ አልሳካ ሲል አባቴ ሽርጥ ሰጠኝ፣ ከዚያ በኋላ ዓሣ መቅረፍና መሰንጠቅ የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ባልም እጮኛም አልነበረኝም። ታናሽ እህቴ ደግሞ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ጠዋት ተቀባብታ ስትወጣ ከኩሽና ሆኜ እያየኋት፣ ይቺ ልጅ አንድ ቀን እንኳ እጇ ዓሣ ዓሣ ሳይሸት ልታረጅ ነው እል ነበር።

አንድ ነገር ግን የራሴ ነበር። ከሐይቅ የሚመጣልን ቆሮሶ ዓሣ ከዓመት ዓመት እያነሰ፣ መጨረሻ ላይ ከመዳፍ የማይበልጥ ሲሆን፣ አባቴ ጓሮ ውስጥ በብሎኬትና በሲሚንቶ ሁለት ገንዳ ሠራ። ከዝዋይ በኩል የጣት ጥፍር የሚያካክሉ የቆሮሶ ጫጩቶች አስመጣንና ለሁለት ከፈልናቸው። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ የማበላቸው እኔ፣ ውሃቸውን በባልዲ የምቀይረው እኔ፣ ሲታመሙ አብሬ የምታመመው እኔ። አባቴ ደንበኞቹን ወደ ጓሮ እየወሰደ ያሳይና «የእሷ ናቸው፤ እኔ እንኳ ሳላስፈቅድ እጄን አልከትም» ይላቸው ነበር። ከአባቴ አፍ እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ አይወጣም። ያቺን ንግግር እንደ ደሞዝ ነበር የምጠብቃት።

ሰውዬው የመጣው በጥቅምት ነው። በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ረጅም፣ ፀሐይ ያከሰለው፣ ሲስቅ ዐይኑ የሚጠፋ። የእህቴ እጮኛ ነው። በዚያ መስመር የሚሠራ ሰው ወደ እጮኛው ቤት ሲገባ ቴምር፣ ሽቶ፣ ቢበዛ ጨርቅ ይዞ ይመጣል፤ ወጉ ይኸው ነው። እሱ ጆንያ ይዞ መጣ። መሬት ላይ አውርዶ አፉን ሲፈታው ቡናማም አረንጓዴም የሆነ፣ የተጨማደደ፣ የቆሸሸ ዳንቴል የሚመስል ቅጠል ታየን። ቤቱን እንግዳ ሽታ ሞላው።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?» አለች እናቴ አፍንጫዋን ይዛ።

«የባሕር ቅጠል ነው እማማ። ማዕበሉ ዳር ላይ ይጥለዋል፤ እዚያ ማንም አይፈልገውም። ወደብ ላይ ወረፋ ስጠብቅ የማገኛቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ዓሣ በገንዳ ያረባሉ፤ ማለቴ እንደ እናንተ። ከመኖው ጋር ትንሽ ትንሽ ጣል ያደርጉበታል። ያፋፋቸዋል፣ በሽታም አይደፍራቸውም ይላሉ። እሷ ስለ ዓሣዎቻችሁ ስታወራኝ ጊዜ…» አለና ወደ እህቴ አይቶ አፈረ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲሸጥ ኖሮ ባሕር አይቶ አያውቅም። ከጆንያው አንድ ቅጠል አንሥቶ አሸተተው፣ ወደ ብርሃን አነሣው፣ ጫፉን በምላሱ ቀመሰው። «ይኸው ነው የባሕር ሽታ?» አለ፤ ፊቱ የሕፃን ፊት ሆነ። እኔ በአሥራ አራት ዓመት ሥራ ያን ፊት አምጥቼለት አላውቅም። ቅናቱ የገባኝ ያኔ ነው፤ ከጎድኔ በታች የገባበትን ቦታ ሳይቀር አውቀዋለሁ።

የባሰው ደግሞ ከዚያ መጣ። «አንዱን ገንዳ ለእሱ እንስጠውና እንየው» አለ አባቴ። እንስጠው ያለው ለእናቴ ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ሹፌሩ ሥራውን ያውቅ ነበር፣ ይህን ልክደው አልችልም። ቅጠሉን ጨው እንዳይቀርበት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ጣሪያ ላይ አሰጣው። ሲደርቅ የተወሰነውን በመዳፎቹ መሀል እያሸ አደቀቀው። «በቃ እንደ በርበሬ ቁጠሩት፤ ምግብ ሳይሆን ቅመም ነው። ለአንድ ጣሳ ፉርሽካ በሦስት ጣት ቆንጠር፣ ከዚያ አይለፍ» አለን። እሱ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው አዲስ አበባ የሚገባው፤ በሌለበት ጊዜ ማን የሚጨምር መሰላችሁ? አባቴ። «ሳላስፈቅድ እጄን አልከትም» ሲል የነበረው አባቴ፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን አጣፍቶ ሦስት ጣቱን ወደ ጆንያው ይሰዳል። «ልጄ እንዳለው ነው የማደርገው» ይለኛል ደግሞ። ልጄ! እኔን በስሜ ነው የሚጠራኝ።

በኅዳር መጨረሻ ልዩነቱ ለማንም ይታይ ነበር። የሹፌሩ ዓሦች ወፍረው ጀርባቸው ጠቁሯል፤ ሰው ሲጠጋ ውሃውን እየሰነጠቁ ወደ ላይ ይመጣሉ። የእኔዎቹ ከሥር ተኝተው ይጠብቁኛል። ታኅሣሥ ላይ ያ የአዲስ አበባ ብርድ ሲገባ ደግሞ በእኔዎቹ ክንፍና ጎን ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር በቀለ፤ በየቀኑ አንድ ሁለት እየሞቱ አወጣሁ። ከአጠገባቸው ባለው ገንዳ አንድም አልሞተም። የሚለያቸው አንድ ብሎኬት ነው፤ ብርዱ ያው፣ ውሃው ያው፣ ፉርሽካው ያው። አባቴ ደንበኞቹን አሁንም ወደ ጓሮ ይወስዳል፣ የሚያቆማቸው ግን ከወዲያኛው ገንዳ ፊት ነው።

ሹፌሩ ይህን ሲያይ ወደ እኔ መጣ። «እህቴ፣ ለእነዚህም ቆንጠር ላድርግላቸው?» አለኝ።

«የእኔዎቹ አገር ቤት ያደጉ ናቸው፣ የውጭ ነገር አይስማማቸውም» አልኩት።

ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። አዎ ብለው ኖሮ ዓሦቼ ይድኑ ነበር። በአባቴ ፊት ከእሱ እጅ ከምቀበል ግን ጥጡ ቢወርሳቸው መረጥኩ።

አንድ ቀን ሽርጤን ፈትቼ መንገድ ማዶ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። የሄድኩት ለመማር አይደለም፤ ውሸት ነው የሚል ወረቀት አሳትሜ አባቴ ፊት ላኖር ነው። የቤቱ ሠራተኛ እያገዘችኝ ፈለግን። የሚያናድደው እውነት ሆኖ መገኘቱ። በባሕር ዳር አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች፣ የባሕር ቅጠል ለእርባታ ዓሣ ከመኖ ጋር ሲሰጥ እድገትንም በሽታ መቋቋምንም ሊያግዝ ይችላል ብለው እየመረመሩት ኖሯል። እንደ ቅጠሉ ዓይነትና እንደ መጠኑ ይለያያል ይላል። ሳላሳትም ወጣሁ።

በገና ዕለት አባቴ ከሁለቱም ገንዳ አንድ አንድ ዓሣ አውጥቶ ራሱ ጠበሰና፣ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ሳይነግረን ጠረጴዛ ላይ አቀረበ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ነበር። እናቴ ከሁለቱም ቀመሰችና «ሁለቱም ዓሣ ነው» አለች። እኔ ግን መፍረድ አማረኝ። «ይሄኛው ጭቃ ጭቃ ይላል፣ ሥጋውም ልል ነው። ይኸው ነው የባሕር ቅጠል ትርፉ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሲጠበስ ያየችው እህቴ ሳቋን ለመያዝ አፏን በእጇ ስትሸፍን ነው የነቃሁት። ጭቃ ጭቃ የሚለው የእኔው ነበር።

ሽማግሌ የሚላከው ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ እንዲሆን ተቆረጠ። የጎረቤት ሴቶች እናቴን «ታላቂቱ እያለች?» ብለው ሲጠይቋት ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። እህቴም ሰምታ ነበር መሰለኝ፣ «እታለም፣ ቅር ይልሻል እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ? ኧረ ምን ሲደረግ!»

ውሸቴን ነው። ግን እውነቱን ለመናገር በባሏ አልቀናሁም። ባል ቢገኝም ባይገኝም ሰው ይኖራል። አባት ግን ያለኝ አንድ ነው፤ እሱንም ጨምራ ልትሰጠው ነው።

ጥምቀት አልፎ በሦስተኛው ቀን፣ የምሳ ግርግር ሲበርድ፣ እናቴ ገበያ ሄዳ አባቴ ከደንበኛ ጋር ወሬ ይዞ ነበር። ሹፌሩ ያን ቀን ጠዋት ለእናቴ እንኳን አደረሰዎ ሊል መጥቶ ወጥቷል። ከጆንያው ሥር ያልታሸውን ቅጠል በሁለት እጄ ዘግኜ በሽርጤ ሸፈንኩት። እንደ እሱ በመዳፍ እያሹ መቆም ጊዜ ይወስዳል፤ ሰው ያየኛል። መውቀጥ አለብኝ። በኩሽናው ሙቀጫ ብወቅጥ ደግሞ የእናቴ ቅመም ባሕር ባሕር ሲል ታውቅብኛለች። ስለዚህ ከጓሮው መጋዘን ጥግ ለምግብ የማንነካውን አሮጌ ሙቀጫ ጎትቼ አወጣሁ። ከሥሩ የደረቀ ነገር ተጋግሮበታል። አቧራ መሰለኝ። ገልብጬ መታ መታ አደረግኩትና ቅጠሉን ከተትኩ። አልደቅ ሲለኝ ውሃ ረጨሁበት፣ ዘነዘናው ሥሩን እስኪፍቅ ወቀጥኩ። አስነጠሰኝ፤ ደግሞ አስነጠሰኝ። የባሕር ጨው ነው አልኩ። የሰጠኋቸው በሦስት ጣት አልነበረም፤ የተወቀጠውን ሁሉ ከፉርሽካ ጋር ለውሼ ገለበጥኩላቸው። አሁን እንተያያለን፣ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ገንዳው በነጭ አረፋ ተሸፍኖ ነበር። ከአረፋው ሥር ዓሦቼ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል፤ ገና ያልሞቱት አፋቸውን ከውሃ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። በባልዲ ወደ ንጹሕ ውሃ ማመላለስ ጀመርኩ፤ እጄ ላይ ይሞቱብኛል። የጣት ጥፍር ከሚያካክሉበት ጊዜ ጀምሮ ያሳደግኳቸው ናቸው። አለቀስኩ፤ ለቅሶዬ የእውነት ነበር።

አባቴ ጋቢውን እንዳጣፋ መጣ። ብዙ ቆሞ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከአረፋው ላይ አረንጓዴ ብናኝ በጣቱ አነሣና አሸተተ።

«እዚህ ገንዳ የባሕር ቅጠል ማን ጨመረ?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ሁለት ቃል ናት። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የወጣው ከእሷ ነው።

ረፋዱ ላይ ሹፌሩ ሲመጣ አባቴ ጓሮ ወስዶ ያንኑ ጠየቀው። የሞቱት ዓሦች ሳፋ ውስጥ ተቆልለዋል። ሹፌሩ ሳፋውን አየ፣ ገንዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ፊቴን ሳይሆን እጄን። ጥፍሬ ሥር አረንጓዴው አለ። እጄን ሽርጤ ውስጥ ከተትኩ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለ። «ትናንት ስመጣ… ለእሷም እንዲያድጉላት ብዬ ነው። ሳላስፈቅድ፣ በቃ፣ አጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

አባቴ አልጮኸም። «ሰው የደከመበትን ሳይጠይቅ የሚነካ ሰው ነገ ልጄን እንዴት ይይዛታል?» አለ። «እሁድ ሽማግሌ እንዳትልክ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው፤ አይጧ ደግሞ እዚያው ቆማ ታያለች። እናገራለሁ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን አባቴ ክንዴን ያዝ አድርጎ «አይዞሽ፣ ሌላ እናመጣልሻለን» አለኝ። ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እህቴ ከጎኔ ተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። «ለምን እንዲህ አደረግህ ብለው፣ ስህተት ነው ብቻ ይለኛል» አለችኝ አንድ ቀን። ለእሷ እንኳ አልነገራትም! ከሁሉ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ቢያጋልጠኝ ኖሮ በደንብ እጠላው ነበር፣ መጥላትም አንድ እረፍት ነው። እሱ ግን በደግነት እንኳ በለጠኝ።

አባቴ ጆንያውን አውጥቶ ጣለው። ጓሮ መውጣትም ተወ። የሹፌሩን ዓሦች እኔ ፉርሽካ ብቻ እያበላሁ አቆየኋቸው፤ ሲያዩኝ አሁንም ውሃውን ሰንጥቀው ይመጣሉ። ጾም ገባ፣ ቤቱ በሰው ተጨናነቀ፣ አባቴ ግን ሳህን ይዞ ሲመላለስ ዐይኑ በር በሩን ነው። ረጅም ሰው በገባ ቁጥር ቀና ይላል። ልጁ የራቀበት አባት ይመስል ነበር። እኔ ከፊቱ ነበርኩ።

በሕማማት ሳምንት እናቴ ለፋሲካ ጋቢና ነጠላ ልታጥብ ተነሣች። እናቴ ነጭ ልብስ በሳሙና አታጥብም፣ ድሩን ይበላዋል ትላለች። ያደገችበት አገር ልማድ ሆኖ በእንዶድ ነው የምታጥበው። የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ አውጥታ፣ ከመጋዘኑ ጥግ ያንን ሙቀጫ እየጎተተች ስትመጣ አየኋት።

«ይሄን አረንጓዴ ነገር ማን ነው የወቀጠበት?» አለች ወደ ውስጥ እያየች። «ለጥምቀት ወቅጬ የተረፈኝን እንዶድ እዚሁ ነበር የተውኩት።»

መውቀጥ ጀመረች። አስነጠሳት፤ እኔንም አስነጠሰኝ። ዱቄቱን ሳፋው ውስጥ ስትበጠብጠው ነጭ አረፋ ተነሣ፣ እስከ ሳፋው ጠርዝ። ያንኑ አረፋ ገንዳዬ ላይ አይቼዋለሁ። ዓሦቼን የገደላቸው የባሕር ቅጠሉ አልነበረም፤ ሰው እንዳያየኝ ብዬ የመረጥኩት ሙቀጫ ነው።

እናቴ እጇን አረፋው ውስጥ እንደከተተች ቀና ብላ አየችኝ። «እኛ አገር» አለች ቀስ ብላ፣ «ሴቶቹ በእንዶድ ሲያጥቡ ከወንዙ ታች ዓሣ ሞቶ ይንሳፈፍ ነበር።» ከዚያ ነጠላውን ማሸት ቀጠለች። ሳታየኝም፣ «ፋሲካ ሳይደርስ ንገሪው» አለችኝ።

ስቅለት ዕለት ዓሣ ቤቱ ዝግ ነው። አባቴ ከስግደት ሲመለስ ጉልበቱ ዝሎ ባዶው ቤት ውስጥ አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ከፊቱ ተቀመጥኩ። ምን እንደሚለኝ፣ እንዴት እንደሚጮህብኝ፣ ምን ብዬ እግሩ ላይ እንደምወድቅ ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ከጆንያው መስረቄን፣ ሙቀጫውን፣ እንዶዱን፣ «እኔ እንጃ» ማለቴን።

«ቀንቼ ነው አባዬ» አልኩት። «በእሱ ቀንቼ ነው። ልጄ ስትለው…» እንባዬ መጣ።

«ቆይ» አለኝ እጁን አንሥቶ። «እሱ አልነካም?»

«አልነካም።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አለ?»

«እኔን እንዳትቆጣኝ ብሎ መሰለኝ።»

አባቴ ብድግ አለ። ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ የዋለ ሰው አይመስልም። «እኔ እኮ ገርሞኝ ነበር! እሱ እንዲህ አያደርግም ብዬ ነበር እኮ!» እያለ ወደ ጓዳ ሮጦ እህቴን ጠራት። «ደውዪለት! አሁኑኑ ደውዪለት! እሱ አይደለም፣ እህትሽ ነገረችኝ፤ እሱ አይደለም!» እህቴ ሞባይሏን ይዛ ወጣች። ግማሹን ብቻ ነው የሰማችው፤ ሮጣ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። «እታለም፣ ተባረኪልኝ» አለችኝ። ከዚያ ስልኩ አልሠራ ሲላቸው ሁለቱም ተያይዘው ወደ ደጅ ወጡ።

እኔ እንባዬን ሳልጠርግ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ሲመለስ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩት። ተመለሰ። «አዋሽ ደርሷል! ፋሲካን ከእኛ ጋር ነው የሚፈስከው» አለኝ ፊቱ እየበራ። «ገንዳውን አጽጂለት፣ ሲመጣ ቆሻሻ እንዳያይ።» ከዚያ ጋደም ሊል ገባ።

ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሆነ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ነገር አንድ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች «እንዴት ያለ ይቅር ባይ አባት ነው!» ይሉኛል። አባቴ ግን ይቅር አላለኝም፤ ይቅር የሚል ሰው መጀመሪያ ይቆጣል። እሱ ደስ ብሎት ረሳኝ። ያን ቀን ቁጣውን እንኳ ለእኔ አላስቀረልኝም።